ሐቢባ የመረጠችው ቀን

ይድረስ ሰመራ ላለኸው ወንድምዓለም ኑርዬ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። አርዲቦ ሐይቅ ዳር በልጉ ሰምሯል፤ እኔም በአዋላጅነት ተመርቄ ምደባ እስኪመጣ ቤቱን አውካለሁ።

ፅንሱ እንደወረደ በስልክ ሰምተሃል። ቀሪውን ባለቤትህ ሐቢባ «አንቺ ጻፊለት» ብላኛለች። ጤና ጣቢያ አብሬያት ነበርኩ። ማህፀኗ ከተጠረገላት በኋላ ቀና ብላ ጠየቀች፦ «መከላከያውን፣ ሉፑን፣ ዛሬ ማህፀኔ ውስጥ ማስገባት ይቻላል ወይስ ወር አበባዬን ልጠብቅ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት አዋላጇ መለሰችላት፦ «ትኩሳትም ኢንፌክሽንም የለብሽም፤ ከፈለግሽ ዛሬውኑ። ወር አበባ ሳይመጣም ሊረገዝ ይችላል። ልጅ ባሰኛችሁ ጊዜ ደግሞ ይወጣል።»

«እንግዲያው ዛሬ! መሬቱንስ እናሳርፈው የለ? እኔም ልረፍ እንጂ!» አለች ሐቢባ።

ፅንስ ሲወርድባት ይህ ሁለተኛዋ ነው እኮ፣ ወንድምዓለም። እኔ ከመጽሐፍ የሸመደድኩትን እሷ ከሕመሟ ላይ ተነሥታ ስትጠይቅ ኮራሁባት።

እማ እንደ አራስ ገንፎ ገንፍታ «ብዪ፣ ለሚመጣው» አለቻት። ሐቢባም ሳቅ ብላ በላች። እማ ስለ ሉፑ የሰማች ዕለት ግን «ኑርዬ ይምጣ ብቻ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ሐቢባ የአረፋ ሽርጥህን አጥባ አጥፋ ታስቀምጥና፣ መልሳ አውጥታ ታጥበዋለች።

ስትደውል ከእማ በፊት ለሐቢባ ደውል። «እንዴት ነሽ?» በላት። ዝም ብትልም ስልኩን አትዝጋው።

አላህ ለአረፋ በአንድ ገበታ ያገናኘን።

እህትህ ሂዳያ