እባክዎን እኛንም ያፈናቅሉን

ለተከበሩ የመልሶ ማልማትና የልማት ተነሺዎች ማዛወሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ከቢሮዎ በር ላይ ተቀምጣ ስብሰባ ላይ ናቸው እያለች ሰውን ለምትመልሰው ጸሐፊዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የጸሐፊዎ ጉሮሮ ነገር ዘወትር ያሳስበኛል፤ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር በቀን ስንቴ እንደምትደግማት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና። የእኛን ደህንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ከመውጫ መንገድ በስተቀር ምንም የጎደለብን ነገር የለም።

ማን እንደሆንኩ ዘንግተውኝ ከሆነ ላስታውስዎ። ከቢሮዎ መስኮት ቁልቁል ሲመለከቱ የሚያዩት ሰፊ የግንባታ ቦታ መሃል ላይ፣ ዙሪያውን ተቆፍሮ፣ በሽማግሌ አፍ ውስጥ እንደቀረ አንድ ጥርስ ብቻውን የቆመ ነጭ ቤት አለ። የዚያ ቤት ምራት ነኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነው፣ ቤቱ ደግሞ በአማቴ ስም ነው፤ ሦስታችንም እዚያው ውስጥ አለን። ይህን መግለጼ ስለ ራሴ ማውራት ወድጄ ሳይሆን፣ ባለሙያዎችዎ በዚያ ቦታ ማንም እንደማይኖር ፊቴን እያዩ ደጋግመው ስላረጋገጡልኝ፣ እርስዎም አምነዋቸው እንዳይሆን ብዬ ነው።

ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። መሥሪያ ቤትዎ በተራ ቁጥር ያልቀረበ ነገር እንደማያነብ ተነግሮኛል። በተራ ቁጥር የቀረበውንም እንደማያነብ በራሴ ደርሼበታለሁ፤ ቢሆንም ወጉ አይቅርብን።

1ኛ፦ በቅድሚያ ስለ ቀዩ ምልክት አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ሠራተኞችዎ ባልዲና ብሩሽ ይዘው መጥተው፣ የሚፈርሱትን ቤቶች ግድግዳ በቀይ ቀለም ምልክትና ቁጥር ሲያደርጉባቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቤቴ ቤቴ እያለ ሲያለቅስ ባለቤቴን ያስለቀሰው ሌላ ነገር ነበር። ያንን ግድግዳ በነጭ ቀብቶ ከጨረሰ ገና ወር አልሞላውም፣ ቀዩ ቀለም ደግሞ ውሃ በዝቶበት ኖሮ ከምልክቱ እስከ መሠረቱ ድረስ ተንዠቀዠቀበት። ክቡርነትዎ ከቀለም ቀቢ ጋር ኖረው ስለማያውቁ ላይገባዎት ይችላል እንጂ፣ እነዚህ ሰዎች ቤታችሁ ሊፈርስ ነው ሲባሉ እንደምንም ይችሉታል፤ የተንዠቀዠቀ ቀለም ግን እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ቤቱ ይፍረስ፣ ግን በወጉ ይፍረስ ብሎ፣ ምልክቱን በነጭ አጠፋውና፣ ነጩ ሲደርቅለት ያንኑ ምልክትና ያንኑ ቁጥር በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ሊመልሰው አሰበ። ነጩ ሳይደርቅ ቆጣሪዎችዎ ደረሱ። ምልክት የሌለበት ቤት አይቆጠርም ብለው አልፈውን ሄዱ። እኔ መርፌ በከንፈሬ እንደያዝኩ፣ እሱም የቀይ ቀለሙን ጣሳ እንዳንጠለጠለ ከኋላቸው ብንሮጥ ማን ይስማን! ሰው በሥራ ጠንቃቃነቱ ከሰው ቁጥር ሲወጣ ያየሁት ያኔ ነው።

2ኛ፦ ጎረቤቶቻችንን አንስተው ፀጥታና ንፁህ አየር ስለሰጡን እናመሰግናለን። አየሩ ንፁህ የሚሆነው ቁፋሮው በሚያርፍበት ቀን ብቻ መሆኑን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ ይከብደኛል። ምልክት የነበራቸው ሁሉ የምትክ ቤት ቁልፍ እየተቀበሉ ወደ ከተማው ጫፍ ተወሰዱ። ግድግዳ ያዋስነን የነበረው ጫማ ሰፊ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃው እስከ ሁለተኛው ፎቅ መጥቶ ደክሞት እንደሚመለስ በስልክ ያጫውተኛል። እሱ ግን ቢያንስ ወጥቶ አቤት የሚልበት ደረጃ አለው። እኛስ ብዬ ወደ ቢሮዎ ስመጣ፣ ምልክት የሌለው ቤት ተነሺ ስላልሆነ ምትክ አይገባውም፣ ልማቱም ቤታችሁን አይነካውም፣ ዙሪያውን ብቻ ነው ተባልኩ። እንደዚያ ከሆነ ተመስገን ብዬ ወደ ቤቴ ስመለስ ዙሪያው የሚባለው ምን እንደሆነ አየሁት። ቤቱ የእኛ ነው፣ ቤቱን የከበበው ጉድጓድ የፕሮጀክቱ ነው፣ ከፕሮጀክቱ ውጭ ያለው መንገድ ደግሞ የሕዝብ ነው። ሕዝብ መሆን ከፈለግን በፕሮጀክቱ መሬት ማለፍ አለብን፣ በፕሮጀክቱ መሬት ማለፍ ደግሞ ክልክል ነው።

3ኛ፦ ባለቤቴ ጥፋቱን ለማረም ያደረገውን ጥረት መሥሪያ ቤትዎ የተቀበለበት መንገድ አኩርቶናል። የጠፋው ምልክት አይደል፣ ምልክቱን እመልሳለሁ ብሎ፣ ደህናውን ቀይ ቀለም መርጦ፣ ጠርዙን በስኮች ይዞ፣ ቁጥሩን ለክቶ ቀባው። የራሴ ባል ስለሆነ አይደለም፣ በሰፈሩ እንደዚያ ያማረ የመፍረስ ምልክት አልነበረም። ተቆጣጣሪዎ መጥተው ራቅ ብለው አዩት፣ ቀረብ ብለው አዩት፣ ከዚያም ይህ የእኛ እጅ አይደለም፣ የእኛ እንዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም አሉ። የመንግሥትን ምልክት አስመስሎ መሥራት እንደሚያሳስር አስረድተው፣ እዚያው ቆመው አስጠፉት። ነጩን ደርቦ ሲጨርስ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና፣ የእሳቸውን ሳሎን መቼ ሊቀባላቸው እንደሚችል ጠየቁት። ባለቤቴም፣ የዋህ አይደል፣ መውጫ ያገኘሁ ዕለት አላቸው።

4ኛ፦ እስከዚህ ያልኩት ሁሉ እንደ ጨዋታ ይቆጠርልኝና ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። አማቴ የስኳር በሽታ አለባቸው። በቀኝ እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቷል፣ ቁስሉም ቀን እየተዘለለ በባለሙያ መታጠብ አለበት፤ ካልታጠበ ወደ ላይ እየወጣ እግሩን ሊያሳጣቸው እንደሚችል ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል። ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም፣ ጣሪያው ከመስኮታችን ይታያል። መጀመሪያ ባለቤቴ እናቱን አዝሎ፣ ጉድጓዱ ላይ በተጋደመ ጣውላ እያሻገረ ይወስዳቸው ነበር፤ የጥበቃው ሰውዬም ሲያየን ፊቱን ወደ ሌላ እያዞረ ስንት ቀን ባለውለታችን ሆነ። ኋላ ግን የደህንነት ባለሙያዎ ጣውላው ለሕይወት ያሰጋል ብለው አስነሱት። ለሕይወታችን ስለተጨነቁልን እግዜር ይስጥልን። አሁን እኔና ባለቤቴ ጉድጓዱን በመሰላል ወርደን በመሰላል እንወጣለን። እናቱን አዝሎ አንድ ቀን ቢሞክረው ሁለቱም ለጥቂት ተረፉ፣ ከዚያ ወዲህ እኔም አላስሞከርኩት።

የክሊኒኩ ነርስ አዝናልን እሷ ልትመጣ ተነሳች። ሄልሜት የሌለው ሰው ወደ ግንባታ ክልል አይገባም ተብላ ከበር ተመለሰች። በሌላ ቀን የወንድሟን የሞተር ሳይክል ሄልሜት አጥልቃ ብትመጣ፣ ይህ የሞተር ነው፣ የግንባታ አይደለም ተባለች። ከዚያ ወዲህ ቁስሉን የምታክመው በስልክ ሆኗል። እኔ በጀሪካን ባመጣሁት ውሃ እንደ አቅሜ አጥባለሁ፣ ነገር ግን ዕድሜ ልኬን የቆረጥኩት ጨርቅ ነው፣ የሞተ ሥጋ ቆርጦ ማንሳት አልችልም። የቁስሉን መልክና ሽታ እነግራታለሁ፣ እሷ ወደ ላይ ስንት ጣት ወጣ ብላ ትጠይቀኛለች። ክቡር ሆይ፣ የዚያችን ልጅ ጥያቄ በጣም እየፈራሁት መጥቻለሁ።

5ኛ፦ ታዲያ አሮጊቷን አውጥታችሁ ዘመድ ቤት ለምን አታስቀምጧቸውም የሚል አስተዋይ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኛም በአቅማችን አስበነው ነበር። የሕግ አማካሪዎ ግን፣ ምልክት የሌለበት ቤት ባለንብረቱ በአካል ካልተገኘበት እንደተተወ ተቆጥሮ ያለ ምንም ምትክ እንደሚፈርስ አስታውቀውናል። የቤቱ ባለንብረት ደግሞ አማቴ ናቸው። መውጣት ያለባቸውም እሳቸው፣ መውጣት የሌለባቸውም እሳቸው። ይህንንም ለማረጋገጥ ተቆጣጣሪዎችዎ ሳይታሰብ ብቅ ይላሉ፣ የሚሻገሩበትን ጣውላ ይዘው ይመጣሉ፣ በሩ ላይ ቆመው የአማቴን ስም ይጠራሉ፣ አሮጊቷ ከአልጋቸው ሆነው አቤት ሲሉ ጣውላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ያቺን ጣውላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ አውሱን ብዬ ብለምን፣ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ናት ተባልኩ።

ባለፈው ሰሞን ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ ቤቱ የራሱ ጉዳይ፣ ጎትቼም ቢሆን አወጣዎታለሁ ብዬ ተነሳሁባቸው። ለአንድ እግር ብዬ ልጆቼን ሜዳ ላይ አልጥልም፣ አርፈሽ ስፌትሽን ስፊ አሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናት የሆኑኝ እኚህ ሴት ናቸው፤ በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን በሰው ተናድጄም፣ ለሰው አልቅሼም አላውቅም። ስፌቴን እንዳልሰፋ ደግሞ ደንበኞቼ በምን ተሻግረው ይምጡ? የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ተሰፍቶ አልቆ ግድግዳዬ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሙሽራዋ በተውሶ ቀሚስ ተድራለች።

6ኛ፦ ይኸኛው አጭር ነው። የቆርቆሮው አጥር እየተነሳ በምትኩ ግንብ እየተሠራ ነው። እስካሁን በመሰላል ወጥተን የምንሾልክባት አንዲት ክፍተት ቀርታ ነበር። ግንበኛው፣ እጁ ላይ ስሚንቶ እንደያዘ፣ እትዬ፣ ሐሙስ ይቺን ልዘጋት ነው፣ አንቺ ከውስጥ ነሽ ወይስ ከውጭ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ነዋሪውን ሁሉ እንደዚህ ግንበኛ አስቀድሞ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተቸገርን ነበር። መልሱን ከእርስዎ ጠይቄ እንደምነግረው ቃል ገባሁለት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሌሎች አታፈናቅሉን እያሉ ደጅዎን ሲጠኑ፣ እኛ አፈናቅሉን ብለን በመምጣታችን ግራ ሳይጋቡ ከሁለት አንዱን እንዲያደርጉልን በትሕትና እለምናለሁ። ወይ ባልዲውን አስይዘው አንድ ሠራተኛ ይላኩና ቀዩ ምልክት ይደረግብን። እንደፈለገ ይንዠቀዠቅ፤ ባለቤቴ እንደማይነካው ምሏል፣ መሐላው ካልበቃ እኔ እጁን በሜትሬ አስረዋለሁ። ወይ ደግሞ ከደጃችን እስከ ክሊኒኩ መንገድ ድረስ መተላለፊያ ይተውልን። ሰፊ አንጠይቅም። አንድ ሰው ሌላ ሰው አዝሎ የሚያልፍበት ያህል ከሆነ ይበቃናል።

ስብሰባዎ ሁሉ እንዲሰምርልዎ፣ መውጫና መግቢያዎ እንዲቃናልዎ፣ ከቤትዎ ደጅ እስከ መኪናዎ፣ ከመኪናዎም እስከ ቢሮዎ ያለው መንገድ ለዘለዓለሙ ክፍት እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ቆጠራ የሌለሁ፣ በራሴ ቆጠራ ግን እስካሁን ያለሁ፣ መልስዎን በመስኮት የምጠባበቅ አክባሪዎ፣

የነጩ ቤት ምራት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይላክ ሐሙስ ደረሰና ክፍተቷ ተዘጋች። እኔ ከውስጥ ነበርኩ። በማግስቱ አማቴ በትኩሳት ነደዱ፣ እኔንም ባለቤቴንም መለየት አቃታቸው። የክሬኑ ሹፌር ጩኸታችንን ሰምቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ብሎኬት የሚያወጣበትን ሳጥን ደጃችን ድረስ አወረደልን፤ እናትና ልጅ ተቃቅፈው በግንቡ ላይ አለፉ። የትኛው ሹፌር እንደሆነ አልነግርዎትም። እነሱ ሆስፒታል እያሉ ተቆጣጣሪዎችዎ ለእኛ በተከለከለው የግንባታ በር ገብተው ጣውላቸውን ይዘው መጡ፣ የአማቴን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየኋቸው ባለንብረቷ አልተገኙም ተባብለው ሄዱ። ሐኪሞቹ እግራቸውን ከጉልበታቸው በታች ቆርጠውታል። ስለሆነም አንድ ሰው ሌላ ሰው አዝሎ የሚያልፍበት መንገድ በማለት ከላይ ያቀረብኩት ጥያቄ፣ ዊልቸር የሚያልፍበት ተብሎ እንዲታረምልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።