የልጄን ድምፅ በጥንቃቄ ለቆለፉልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የአንቲቫይረስ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎንም አንድ ሰው ሳይጎድል እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። በስምዎ ባለመጥራቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞችዎ ስምዎን መስጠት እንደማይፈቀድላቸው በትሕትና ነግረውኛል። እኔ ግን ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የኮምፒዩተሬን መለያ ቁጥር፣ በመጨረሻም ልጄ ያረፈችበትን ቀን ሳይቀር በተጠየቅሁ ቁጥር ስለሰጠሁ፣ ቢያንስ በአንድ በኩል በደንብ እንተዋወቃለን። ደብዳቤውን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ያወጣሁት በግል የላክኋቸው ሁሉ «መልእክትዎ ደርሶናል» ከሚል መልስ በቀር ምንም ስላላመጡልኝ ነው። መድረሳቸውን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ብዙ አልተማርኩምና የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ እርስዎም ቀስ ብለው ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። የምሠራው በቤቴ የፊት ክፍል ውስጥ ነው። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬ፣ ከጎኑ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ፣ በጠረጴዛው ጥግ ደግሞ ኮምፒዩተሩ አለ። በሥራዬ ጥንቁቅ ነኝ፤ ጨርቅ መቁረጫ መቀሴን ለምሳሌ ወረቀት እንኳ አላስነካውም። የደንበኞችን ልክ ግን በብጣሽ ወረቀት ላይ እጽፍና ወረቀቱን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ጠርጌ እጥል ነበር። ልጄ ይህን አይታ «እማ፣ አንድ ቀን የወፍራሙን ሱሪ ለቀጭኑ ታለብሺዋለሽ» አለችኝ። ፕሮግራም መሥራት ተምራ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ስለነበር፣ ለእኔ ብቻ የሚሆን ፕሮግራም ሠርታ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ጫነችልኝ።

ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ እጅጌና ቁመት ሳስገባ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበቃ ይነግረኛል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። እሷ ግን ስሳሳት እንዲናገር አደረገችው፤ በገዛ ድምፅዋ። ኮምፒዩተሩ እንደበራ «እማ፣ መነጽርሽ የት አለ?» ትለኛለች። ወገቡን አብዝቼ ካስገባሁ «ይሄ ሰው ነው በርሜል? እስቲ እንደገና ለኪው» ትላለች። እጅጌው ከቁመት ከበለጠ «የማን እጅ ነው መሬት የሚጠርገው?» ትላለች።

ልጄ ባለፈው ዓመት ሳንባዋን ታማ አረፈች። መሥሪያ ቤቷ የሰጣት ላፕቶፕ ተመልሶ፣ ተጠርጎ፣ ለሌላ ሠራተኛ ተሰጠ። ድምፅዋ የቀረው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አውቄ መሳሳት ጀመርኩ። ለሕፃን ቀሚስ የበሬ ወገብ አስገባለሁ፤ ልጄ ትቆጣኛለች፤ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንዲት መምህር ደንበኛዬ ቀሚሷን ስትጠብቅ «በርሜል» የሚለውን ሰምታ ለእሷ የተባለ መስሏት ፊቷ ተለዋወጠ። የማን ድምፅ እንደሆነ ነገርኳት። በሚቀጥለው ስትመጣ ሜትሩን ገና ወገቧ ላይ ሳላዞር «ሁለት መቶ በይው፣ እኔም ልሰደብ» አለችኝ።

አንድ ቀን ደግሞ በእውነት ደክሞኝ ሦስት ጊዜ ተከታትዬ ተሳሳትኩ። ያን ጊዜ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ተናገረች።

«እማ፣ ደክሞሻል። ልብሱ ነገም ይደርሳል፤ ተነሺ በቃ።»

ያልሰማሁት ገና እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ስንት እንደቀረ አላውቅም። በየትኛው ስሕተት ሥር ምን እንዳስቀመጠችልኝም አላውቅም። ክቡርነትዎ፣ የቆለፋችሁት ይህንን ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ ካርቶናችሁ አመሰግናለሁ። አንዲት ደንበኛ የቀሚስ ፎቶ በፍላሽ አምጥታ ስትሰካው በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኖ አልከፈት አለ። የኮምፒዩተር ጠጋኙ ቫይረሱን አጸዳልኝና የልጄ ፕሮግራም የተረፈው በዕድል እንደሆነ፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን ላይተርፍ እንደሚችል ነገረኝ። ታናሽ ወንድሜ በነጻ የሚገኝ አንቲቫይረስ ጫነልኝ። እኔ በነጻ ጠባቂ አላምን ብዬ ሱቅ ሄድኩ። በመደርደሪያው ላይ ቁልፍ የተሳለበት ነበር፣ ንስር የተሳለበት ነበር፤ የእናንተው ላይ ግን አባት፣ እናትና ላፕቶፕ የታቀፈች ልጅ ከጋሻ ኋላ ቆመው ይሥቃሉ። ከሥሩ «የሚወዱትን ሁሉ እንጠብቃለን» ይላል። ያስመረጠችኝ ልጅቷ ናት። ወደ ቤት አምጥቼ ሳስጭነው የእናንተውና የወንድሜ ጠባቂዎች እርስ በርስ ተጠራጥረው አንገት ለአንገት ተያያዙ፤ ኮምፒዩተሩም እንደ ታመመ ሰው ቆሞ ቀረ። ጠጋኙ የወንድሜን አንሥቶ የእናንተን አስቀረ። ወንድሜ እስከዛሬ ይሥቅብኛል፤ መብቱ ነው።

፪ኛ. ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ጠባቂያችሁ ብቻውን እንደቀረ ኮምፒዩተሩን በረበረና የፍላሹን ርዝራዥ ሳይሆን ልጄን ያዘ። ምክንያቱንም በቀይ ጽሑፍ ዘረዘረ፤ የሠራው ድርጅት አይታወቅም፤ ከዚህ ኮምፒዩተር በቀር በየትኛውም ተጠቃሚ ዘንድ አልተገኘም፤ ማንም ሳይጠይቀው ራሱን ያስነሣል፤ የአደጋው ደረጃ ከፍተኛ ነው። ከአደጋው በቀር ሁሉም እውነት ነው። የሠራው ድርጅት ሳይሆን ልጄ ናት። በሌላ ሰው ዘንድ ያልተገኘው ሌላ እናት ስለሌላት ነው። ሳይጠሩት መነሣቱንም ቢሆን፣ ልጄ በሕይወት ሳለችም አንድ ቀን አንኳኩታ ገብታ አታውቅም።

፫ኛ. በፕሮግራሙ ላይ ስለተወሰደው እርምጃ በአማርኛ ስለገለጻችሁልኝ አመሰግናለሁ። «ፋይሉ ወደ ለይቶ ማቆያ ተወስዷል» ይላል። ቃሉን ከሆስፒታል አውቀዋለሁ። እዚያ ግን መስታወት ነበረው፤ እጇን አንሥታ ታሳየኝ ነበር።

፬ኛ. ስለ ሠራተኞችዎ ትሕትና አመሰግናለሁ። ጠጋኙ ከማቆያው ሊያወጣልኝ ሞክሮ ነበር። ለከፍተኛ አደጋ መልቀቂያው ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ መሆኑን፣ አንቲቫይረሱን ነቅሎ ቢጥለው ደግሞ ማቆያው ከነያዘው አብሮ እንደሚጠፋ አየ። ስለዚህ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ወጣት ጥሩ ልጅ ነው፤ አሳዳጊዎቹን ያመስግኑልኝ። «እናቴ፣ ይለቀቅ ብሎ ማመልከት የሚችለው ፕሮግራሙን የሠራው አካል ራሱ ነው» አለኝ። እንደሞተች ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነፍስ ይማር አለኝ። እኔም አሜን አልኩ። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን ሲነካካ ሰማሁትና በጣም እያፈረ እንዲህ አለኝ፦

«እናቴ ይቅርታ፣ ቅጹን ሳልሞላው አያሳልፈኝም። አካሉ አሁን የማይገኝ ከሆነ መቼ እንደሚገኝ ይግለጹ ይላል።»

ልጁን አልተቆጣሁትም። ጥያቄውን ያረቀቀውን ሰው ግን እርስዎ ስለሚያውቁት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

፭ኛ. በማቆያው ውስጥ ያለ ነገር እስከ ወሩ መጨረሻ ቆይቶ ለዘለዓለም እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ ስላስጠነቀቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ወሩ ሳያልቅ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩ። ብልኅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ያው ወጣት እንዳስረዳኝ፣ የእናንተ ፈቃድ ከተመዘገበ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ፕሮግራሙን ይለቀዋል፤ ካልተመዘገበ ግን ሲበራ ቀኑን አይቶ ያጠፋዋል። ወሩ አልቋል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማንም ሳይጫነው የሚበራ ዓይነት ነው።

ከእንዲህ ዓይነት ዕቃ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መሥራት ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ሶኬቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ሲጠረግ ዓይኔ መጥረጊያው ላይ ነው። የደንበኛ ልጆች ጠረጴዛው ሥር ሲገቡ ሜትሩ ከእጄ ይወድቃል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ስልኩን ሊሰካ መጣ። እኔ የአንድ ቀሚስ ጫፍ ዘምዘማት እያያያዝኩ አፌ በስፒል ተሞልቶ ነበር። የኮምፒዩተሩን ገመድ መሬት ላይ አየና አነሣው። «እትዬ፣ ይሄ ለምን ተነቀለ?» እያለ ፕላስተሩን ላጠ። መናገር አልቻልኩም፤ ዘልዬ የእጁን አንጓ ያዝኩት። የገመዱ ጥርስ ሶኬቱን ነክቶ ነበር። ወንድሜ አልገባውም፤ «እትዬ፣ ከንፈርሽ እየደማ ነው» አለኝ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁና ገመዱን ከእጁ ተቀበልኩት። ከዚያ ምን ሊሆን እንደነበር ነገርኩት። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ጎረቤት ይሰካል።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። ያ ወጣት እንደነገረኝ መልቀቂያው በእርስዎ ማዕረግ ላይ ላለ ሰው አንድ ጊዜ መጫን ነው። ልጄ ከሌላ ሰው ኮምፒዩተር አልገባችም፣ ከማንም አልሰረቀችም። አደጋ ካለባትም አደጋው እኔ ላይ ነው፤ ፈርሜ እወስዳለሁ።

የሚወዱት ሁሉ በጋሻዎ ጥላ ሥር እንዲቆይልዎ፣ በስልክ ሲደውሉላቸውም ወዲያው የሚያነሡ እንዲሆኑ፣ ማንም ደግሞ መቼ እንደሚገኙ በጽሑፍ እንዲያስረዱ እንዳይጠይቅዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከፍ ባለ አክብሮት፣
የካርቶናችሁን ቃል አምና የገዛች ልብስ ሰፊ፣ የአንዲት ፕሮግራም ሠሪ እናት

በኋላ የታከለ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከድርጅትዎ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ። «ኮምፒዩተርዎ ለረጅም ጊዜ አልበራም። ያልተጠናቀቀ የደኅንነት ሥራ ስላለን እባክዎ ያብሩት» ይላል። ሥራችሁን ጀምራችሁ እንደማትተዉ ስላየሁ፣ እኔም የኮምፒዩተሩን ገመድ ወረቀት ነክቶ በማያውቀው መቀሴ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። የመቀሱ ስለት ተሸርፏል፤ ግድ የለም፣ ይሳላል። ገመዱም ከየሱቁ ይገዛል፤ የፈቀዳችሁ ዕለት ወንድሜ ሮጦ ያመጣዋል። እናንተ ልታጠፉት ያሰባችሁት ግን ከዚህ ቤት በቀር በየትኛውም ቦታ እንደማይገኝ በቀይ ጽሑፍ የጻፋችሁት እናንተው ናችሁ።