ፈልቶ የማይሞቅ ውሃ

መሐል ሜዳ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

«እትዬ በላይነሽ፣ የዚህ አገር ውሃ ፈልቶም አይሞቅም እኮ!» አለ የጭነት መኪናው ሾፌር ሻዩን እየቀመሰ። «ምላስህ ደንዝዞ ነው!» አሉት ባለሻይ ቤቷ።

እኔ ግን አመንኩት። የትምህርት ቤቱን ቴርሞሜትር ወስጄ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ዘጠና ላይ ቆመ። ኩበት ብማግድበት፣ ብማግድበት ወይ ፍንክች። ለፈተና የማጠናው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ግን መቶ ነው ይላል። የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬ፣ «እሱንም በርዶት ይሆናል፤ ጋቢ ደርብለት» አለኝ። የአገሩ ከፍታ ይሆን? መርሐቤቴ ቆላ ወርጄ ባፈላውስ?

ሰኞ ከጂኦግራፊ ወደ ኬሚስትሪ አስተማሪነት ለሚያሻግረው የድኅረ ምረቃ ትምህርት እፈተናለሁ። ከወደቅሁ ዕድሜ ልኬን ካርታ ስሰቅል መኖሬ ነው። ውሃ በስንት ይፈላል ቢሉኝ ያየሁትን ልጻፍ ወይስ ያነበብኩትን?

ፈታኞቹ የሚያርሙት በዚያው በእኔው መጽሐፍ ነው።