ሞተሩ እስኪበርድ

ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ማለዳ ችግኝ አጠጣሁ፣ የደረቀ ቅጠል ለቀምኩ፣ የተጋደሙትን ቀና አደረግሁ። ሬዲዮ አርፍዶ መጣ። የሾፌሬ እውነተኛ ስም አይደለም፤ አፉ ስለማያርፍ ባለቤቴ ያወጣለት ነው። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ስሙ ግን ቀረ፣ ሬዲዮም ቀረ፣ ፒክአፗም ቀረች።

«ምነው አረፈድክ?»

«አልነሳም ብላኝ ነው፣ እትዬ። ሳባብላት ነው የቆየሁት።»

«መኪና ታባብላለህ?»

«ከእርስዎ ትቀላለች።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ዞር አልኩ። ለአርፋጅ አይሳቅም፤ አዳሪ ትምህርት ቤት መነኩሲቶቹ እንዲህ ነው ያሳደጉን። እኔም አስተማሪ ሆኜ እንዲሁ አሳደግሁ።

ወደ ገበያ ስንወርድ የትንሿን ልጁን ነገር አወራኝ። ጥርሷ ወልቆ ለማንም አላሳይም ብላ ደብቃዋለች፣ ቤቱ ሁሉ ይፈልጋል። ችግኙን እየጫነ ጀምሮ፣ ገበያ እስክንደርስ አልጨረሰም።

ፒክአፗ ስትነሳ ያንን ጥቁር ጭሷን ለቀቀችው። የአጥሩ ማዶ ልብስ ሰፊ እንደ ልማዷ ወጥታ የታጠበ ልብሷን ከገመድ ሰበሰበች። በዚህ ጭስ ከተኮራረፍን ቆየን። አንገት ከመነቅነቅ ያለፈ ሰላምታ የለንም።

ጥቅምት 6

ዳገቱ ላይ ቆመች። ከታች አፈር ጭነን ወደ ችግኝ ማፍያው እየወጣን ነበር። አንድ ነገር ኳ አለ፣ ከዚያ ጸጥ... ሬዲዮም ጸጥ አለ። እሱ ዝም ሲል ነገሩ እንደከፋ ገባኝ።

መካኒኩ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ ቆየ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እናቴ፣ ሞተሩ ተሰንጥቋል። ልበይደው እችላለሁ፤ ግን አልዋሽዎትም፣ አይከርምም።»

«ብዙ ሠርታለች፤ ትረፍ እንግዲህ» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር። ወንበሯ ላይ የተንጠለጠለውን የባለቤቴን ኮት ስወስድ ነው ያስቸገረኝ። እስከ ዛሬ ለምን አላወጣሁትም?

ጥቅምት 8

እሁድ። ልጄ ከምሳ በኋላ ደወለ፤ እሁድ እሁድ ነው የሚደውለው።

«እማዬ፣ አሁንስ ይበቃሻል። ችግኙን ለሌላ ስጪና እኛ ጋ ነይ።»

«እናንተ ጋ መጥቼ ምን ልሥራ?»

«ታርፊያለሻ።»

«ደክሞኛል አልኩህ?»

«እሺ፣ እንቢ ካልሽ ትንሽ ሞተር ያላትን ግዢ። ቱርቦ ያላት፣ አውቶማቲክ። ራስሽ ትነጃታለሽ። ሾፌር ምን ያደርግልሻል?»

ሾፌር ምን ያደርግልኛል... ጥያቄውን ይዤ ዋልኩ። የድሮዋን ፍሪሲዮን፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የሚረገጠውን፣ የግራ ጉልበቴ አይችለውም፤ ለዚያ ነው ሬዲዮን ያቆየሁት። መልሱ ይኸው ነው። ይኸው ብቻ ነው?

ጥቅምት 11

ከሬዲዮ ጋር ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ሁለት ፒክአፕ አቆይቶልኛል። ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም ደህና። አንደኛዋ ትልቅ ሞተር ናት፣ ቱርቦ የላትም፣ በእጅ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኗ እንደ ድሮዋ ድርቅ ያለ። ሌላዋ ትንሽ ሞተር፣ ቱርቦ ያላት፣ አውቶማቲክ፣ ፍሪሲዮን የሌላት።

«ቱርቦ ምን እንደሆነ ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረዳኝ» አልኩት።

«ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይፈልጋል። ትልቁ በራሱ ይተነፍሳል። ለትንሹ ግን ቱርቦው አየሩን እየጠቀጠቀ ያጎርሰዋል። ቱርቦ ማለት በሚወጣው ጭስ ጉልበት የምትሽከረከር ማራገቢያ ናት።»

«በሚጣል ነገር ከሠራችማ ቁጠባ ናት።»

ሬዲዮ አላስቻለውም። «እትዬ፣ እኔን በላይ በላዩ እያጎረሱ የሁለት ሰው ሸክም ቢያሸክሙኝ እስከ መቼ እቆያለሁ?»

«አንተ ከጎረስክ ትቆያለህ» አለው መካኒኩ።

«ቀልዱን ተወው። ሞተር ሲባል ትልቅ ነው። አይቸኩል፣ አይጮህ፣ ሥራውን ይሠራል።»

መካኒኩ ወደ እኔ ዞረ። «ያለው ውሸት አይደለም። ትልቁ ብዙ አያስቸግርም፤ ግን ነዳጅ ይጠጣል፣ ተራራው ላይ አየሩ ሲሳሳም ይደክማል። ትንሿ ደግሞ ዘይቷ በጊዜው ካልተቀየረ ቱርቦዋ ቶሎ ይሄዳል። ሰነፍ ባለቤት አትወድም።»

ሰነፍ... በዕድሜዬ ማንም አላለኝም። እሱም አላለኝም፤ ግን ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ሁለቱንም ዳገቱ ላይ ፈትኜ እወስናለሁ አልኳቸው።

ጥቅምት 12

ዝናብ። ፈተናው ተላለፈ። ማንም አልመጣም። ሻይ ቀዳሁ፣ ሁለት ብርጭቆ ሆኖ አገኘሁት።

ጥቅምት 14

እኩል ጭነት፣ አንድ ዳገት፣ አንድ ሾፌር። ልጆቹንም የምፈትነው እንዲሁ ነበር፤ ለአንዱ ከባድ ለሌላው ቀላል አይሰጥም። አፈሩን ቆሜ አስጫንኩ። ሬዲዮ ነዳ፣ እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ትልቋ ከታች ጀምራ ሳትንገራገጭ ወጣች። ድምጿ ወፍራም፣ የተረጋጋ። ደስ አለኝ፤ የድሮዋን ትመስላለች። ከላይኛው መታጠፊያ በኋላ ግን ትንፋሽ አጠራት። ሬዲዮ ማርሽ ቀነሰ፣ አሁንም ቀነሰ። «ያው... ትንሽ ከበዳት» አለ እያቅማማ።

ትንሿ መነሻው ላይ አመነታች። ነዳጁን ይረግጣል፣ እሷ ታስባለች። «ይኸው፣ አላልኩም?» አለ። ወዲያው ፉጨት የመሰለ ቀጭን ድምፅ መጣና ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ከላይኛው መታጠፊያ በኋላም ያው ናት። ሬዲዮ መንገዱን እያየ ቀረ።

የእኔ ሥራ ደግሞ ያለው ከመታጠፊያው በላይ ነው። አፈር የምንጭነው አልፎ አልፎ፤ ሌላ ጊዜ ችግኝ ነው፣ ችግኝ አይከብድም። ፈተናውን ማን እንዳለፈ ግልጽ ነው። ግልጽ ከሆነ ለምን አልተናገርኩም?

ጥቅምት 15

እውነቱን ልጻፈው፣ የሚያነበው የለም።

ትልቋን የፈለግኋት ስለ ሞተሯ አይደለም። ፍሪሲዮኗ ስለሚከብደኝ ነው። ከከበደኝ ሬዲዮ ይመጣል። በሩ ይንኳኳል። አንድ ሰው «እንዴት አደሩ እትዬ» ይለኛል። የማይረባ ወሬ እየሰማሁ እወርዳለሁ፣ እየተቆጣሁ እመለሳለሁ። እሱ ካልመጣ ከእሁድ እስከ እሁድ ድምፄን የሚሰማው ማነው? ችግኙ?

ለዚህ ተብሎ መኪና ይገዛል? ተማሪ እንዲህ ያለ ምክንያት ጽፎ ቢያመጣልኝ ወረቀቱን እመልስለት ነበር።

ቢሆንም... ትልቋን እገዛለሁ። ነገ ሄጄ ለመካኒኩ እነግረዋለሁ።

ጥቅምት 16

ጋራዥ ልወጣ ስል የሬዲዮ ሚስት መጣች። ጉንፋን ጥሎታል፣ እንዳትጠብቀኝ በያት ብሎ ልኳት ነው። መልእክቷን አድርሳ አልሄደችም። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«እትዬ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎ።»

«ተናገሪ።»

«መንገድ ሥራ ድርጅቱ ሾፌር ይፈልጋል። ደህና ሥራ ነው፣ ሕክምናም አለው። ደጋግመው ጠሩት። እሱ ግን እንቢ ብሎ ተቀምጧል።»

«ለምን?»

«‹እትዬን ማን ያወርዳታል› ይላላ። ያቺን ትልቋን ካልገዙ የሚለውም ለዚሁ ነው። ‹ትንሿን ከገዛች ራሴ ልንዳ ትልና ገደል ትገባብኛለች፤ እሷ ደግሞ እንቢ ካለች አለች ነው› ይላል።»

«እሱ ነው የላከሽ?»

«ይህን መናገሬን ቢሰማ ቤት አያስገባኝም።»

ሻይ ቀዳሁላት። ስትጠጣ አየኋት። ጫማዋ ጎኑ ተቀዷል፣ በጥንቃቄ ተሰፍቷል። ከሄደች በኋላ ጋራዥ አልሄድኩም። ብርጭቆዋን እንኳ ሳላነሳ ዋልኩ።

ጥቅምት 18

ትንሿን ገዛሁ።

ሬዲዮ አፍንጫው ቀልቶ፣ ሻርፕ ጠምጥሞ መጣ። ግቢው ውስጥ ቆማ አያት። ዞራት።

«ትንሿን? ማን ሊነዳት?»

«እኔ።»

«እርስዎ?»

«መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አንተ ሳትወለድ ነው።»

«እሱማ ያኔ መንገድ ላይ ሌላ መኪና አልነበረም።»

«ታስተምረኛለህ። ከዚያ መንገድ ሥራው ጋ ትሄዳለህ።»

ሻርፑን ፈታ፣ መልሶ ጠመጠመ። «ማን ነገረዎ?»

«አስተማሪ ነኝ። ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾከው ሁሉ ይሰማኛል።»

«ቅር ያሰኘሁዎ ነገር አለ እትዬ?»

«አለ። ታረፍዳለህ።»

ሳቀ። እኔም ፊቴን ወደ መኪናዋ አዞርኩ፣ መስታወቷን የማይ መስዬ።

ጥቅምት 22

የትምህርት ሳምንት። ሬዲዮ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ። ሲያስተምር ይጮሃል። «ፍሬን እትዬ... ፍሬን... ፍሬን እኮ ነው ያልኩት።» ልጆችን እንዲህ አስተምሬ አላውቅም። ቢሆንም ተማርኩ። ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ።

ግቢ ገብቼ ቁልፉን ላዞር ስል እጄን ያዘው። ደንግጦ ወዲያው ለቀቀው።

«ወዲያው አያጥፏት። ዳገት ከወጣች ቱርቦዋ እሳት ነው። ሲያጠፏት ዘይቱ ይቆምና እዚያው ያርራል። ዝም ብላ ትንሽ ትሥራ፣ ይብረድላት።»

«ቆሜ ነዳጅ ላቃጥል?» ባለቤቴ ጎማው ሳይቆም ነበር ሞተር የሚያጠፋው።

«ትንሽ ነው። ጭነት ካለ ትንሽ በዛ ያድርጉት።»

«እስከዚያ ምን ልሥራ?»

«ያውሩ።»

«ከማን ጋር?»

መስታወቱን አስተካከለ፤ ተስተካክሎ የነበረውን።

ጥቅምት 26

ነገ ሥራ ይጀምራል። ኮቱን ሰጠሁት፣ የባለቤቴን። ትከሻው ላይ ሰፋው። «ይሞላል» አለኝ። ከበር ከወጣ በኋላ ተመልሶ የትንሿ ልጁ ጥርስ መገኘቱን ነገረኝ። እሱ ጫማ ውስጥ ደብቃው ነበር አሉ፤ አባቷ ይዞት እንዲሄድ። ይህን ብሎ ሄደ።

ኅዳር 2

ብቻዬን ወረድኩ፣ ብቻዬን ወጣሁ። ላይኛው መታጠፊያ ላይ እጄ አልቦኝ ነበር፣ ከዚያ ቀለለኝ። ምንም አልሆንኩም። ለማን ልንገር?

ትንሿ ስትነሳ ታመነታለች፤ እኔም አመነታለሁ፤ ተስማምተናል። ጭስ የላትም። ድምፅም የላትም ማለት ይቻላል። መውጣት መግባቴን ሰፈሩ አያውቅም።

ኅዳር 5

ዛሬ ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ያልኩት ለመኪናዋ ነው።

ኅዳር 6

ልጄ፦ «ሾፌሩ ሄደ?»

«ሄደ።»

«ቀለለሽ አይደል?»

«ቀለለኝ።»

ኅዳር 10

ችግኝ ሸጬ ተመለስኩ። ግቢ ገብቼ እስኪበርድላት ተቀመጥኩ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንደ ትምህርት ቤቱ። በጎን መስታወቱ የአጥሩ ማዶ ይታየኛል። ልብስ ሰፊዋ ልብሷን አላነሳችም። ነጭ አንሶላ፣ ትራስ ልብስ፣ የሰው ቀሚስ... ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። አሰጣጧ ሥርዓት አለው፤ ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ።

ሞተሩን አጥፍቼ ስወርድ ጸጥታው ጆሮዬን ወጋው።

ኅዳር 14

ዳገቱን ወጥቼ፣ ግቢ ገብቼ፣ እንደ ወትሮው ተቀምጬ ሳለሁ መስኮቱ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ናት። ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታ።

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ሁልጊዜ እየገባሽ እዚህ የምትቀሪው ምን ሆነሽ ነው? ይኸው ስንት ጊዜዬ ሳይሽ። ዛሬ አንገትሽ ያዘነበለ መሰለኝና ሥራዬን ጥዬ መጣሁ።»

«ሞተሩ እስኪበርድ ነው።»

«ምን እስኪበርድ?»

አስረዳኋት። ከመጀመሪያው፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። ትንሽ ሞተር፣ የሚያጎርሰው ማራገቢያ፣ የሚያርረው ዘይት... ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ሰማችኝ። አላቋረጠችኝም።

«እና ይቺ አትጨስም?»

«አትጨስም።»

«እኔ ደግሞ ጸሎቴ ደረሰልኝ ብዬ ነበር።»

ሳቅኩ። ጮክ ብዬ መሆን አለበት፤ ራሴን ሰማሁት።

«ያ ወሬኛ ሾፌርሽስ ወዴት ገባ? አኩርፌሽም ቢሆን እሱን በአጥር እሰማው ነበር። ስሰፋ ሌላ ምን አለኝ? የልጅቷን ጥርስ ነገር ጀምሮልኝ ሳይጨርስ ጠፋ። ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«የት?»

ነገርኳት። ጫማው ውስጥ፣ አባቷ ይዞት እንዲሄድ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዓይኗን በሜትሯ ጫፍ ጠረገች። የእሷም ልጅ በልጅነቷ ያደረገችውን ነገረችኝ። ልጅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ከልጇ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ እኔ ጉልበት... ሬዲዮም እንዲህ አያወራም።

ልትሄድ ስትል «ነገም ትወጫለሽ?» አለችኝ።

«እወጣለሁ። ነገ አፈር አለኝ።»

«አፈር ከሆነማ ለመብረድ ይቆያል» አለች፣ እየሄደች።

ገመዷ ላይ ያለውን ልብስ ዳሰሰች፣ ተወችው፣ ቤቷ ገባች። ያኔ ነው ሞተሩ እስካሁን እየሠራ እንደሆነ ያስተዋልኩት።