የኔትወርኩ ጥፋት አይደለም

አሶሳ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዐዋጢፍ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ ያሰብኩትም እኔ፣ የጻፍኩትም እኔ፣ እስክሪብቶውን የገዛሁትም እኔ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ከወንዶች አንደኛ ወጣሁ። ወንዶቹ ስንት ነበራችሁ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ብቻ አንደኛ ነኝ። አሥራ አንዱ ሴቶች በለጡኝ፤ እሱም ቢሆን ፊት ወንበር ቀድመው ስለያዙ ነው።

አገሩ ተነቃቅቷል። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ድንጋይ የጫነ መኪና በደጃችን ያልፋል። ያ ሣር በቅሎበት የነበረው የእብነ በረድ ካባ ሥራ ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ጎረምሳው ሁሉ የፕላስቲክ ቆቡን አድርጎ ወደዚያው ይሄዳል። እኔንም «ያለ አንተ አይሆንም» ብለው ለመኑኝ። «ተማሪ ነኝ፣ ፈተና አለብኝ» ብዬ መለስኳቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ የላክሽው ደብዳቤ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ደርሶኛል። ለማንም ሳላሳይ ራሴ አነበብኩት። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው። ደስታዬ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ አለቀ። «አባባ፣ መሥሪያ ቤቱ ቅጹን አይቶ እዚያ ሆኜ መሥራት እንደማልችል ነገረኝ። ኔትወርክ ከሌለ ሥራ የለም። እስከ ጥር ሠላሳ ካልተስተካከለ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። እኔም እዚሁ አዲስ አበባ ሌላ ሥራ ፈልጌ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት እከራያለሁ፤ አትዘንብኝ» ትያለሽ። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። ምናልባት ማንበብ አልቻልኩ ይሆናል ብዬ። ችያለሁ።

ቢሯቸውን ዘግተው ሠራተኛው በየአገሩ፣ በየቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ደንበኛ ያስተናግድ ማለታቸውን በሹፌሩ በኩል ያስነገርሽኝ ጊዜ፣ በማግስቱ ነው የእናትሽን ክፍል ኖራ የቀባሁት። አላህ ይዘንላትና እሷም ብትኖር ትስማማ ነበር። ጠረጴዛም ሠራሁልሽ። እብነ በረድ ነው፤ አራት ሰው ነው ያስገባው። ከዚያ ክፍል ከእንግዲህ የሚያስወጣው የለም፤ ከቤቱ ጋር ተወልዷል በይው።

ከዚያ ቅጹን ላክሽልኝ። ሰባት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ መብራት አለ ወይስ የለም፣ በስልክ ሲወራ ጥርት ብሎ ይሰማል ወይስ አይሰማም። በአውራ ጣቴ ሳይሆን በእስክሪብቶ የሞላሁት የመጀመሪያ ወረቀት ስለሆነ አንድም አልዋሸሁበትም። አትሳቂ! መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ሁለቴ ጻፍኩ። ግድቡ እኮ በእኛው ክልል፣ እዚሁ ጉባ ነው ብዬ ለእንግዳ ስኮራ ድርግም ይልብኛል። ስልኩን ለመፈተን ደግሞ ለካባው ጓደኛዬ ለሙዐዊያ በቀን ሦስቴ ደወልኩለት፤ ማንጎው ሥር፣ ጓዳ ገብቼ፣ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ወጥቼ። ሃያ አንድ ጊዜ «አይሰማም» ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ያማረልኝ በዚያ ሳምንት ነው።

ደብዳቤሽ በመጣ ማግስት ወደ ማታ ትምህርት መምህርታችን፣ ወደ በለጡ ሄድኩ። ጎጃሜ ናት፤ በዕድሜ ካንቺ ብዙም አትበልጥም።

«መምህርት፣ አቤቱታ አጻጻፍ አሳይኝ። ልጄን ያስቀረብኝን ኔትወርክ ልከሰው ነው» አልኳት።

«ጋሽ ሀይደር፣ እኔ እኮ የተከራየሁት ከእርስዎ ሁለት አጥር አልፎ ነው። ቪዲዮ ሁሉ አያለሁ።»

«ያንቺ ስልክ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ያከብሩታል። የእኔን ማን ያየዋል?»

ሳቀች፤ ግን አልተወችኝም። «ከመክሰሳችን በፊት እንየው» ብላ ቤት ድረስ መጣች። በእኔው ስልክ፣ እዚያችው ማንጎ ሥር ቆማ፣ ደብረ ማርቆስ እናቷ ዘንድ ደወለች። ሲሳሳቁ ቆዩ።

«ይሰማል?» አልኳት።

«እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ሳይቀር ይሰማኛል። እንኩ፣ ያናግሯት» ብላ ሰጠችኝ።

ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ። «ደህና ነን! አዝመራው ጥሩ ነው! ልጅዎ ጎበዝ ናት!» አልኩና መለስኩላት። ዛሬ ትንሽ ተሻሽሏል ልል አፌን ስከፍት፣ መምህርት እያየችኝ ነበር።

«ጋሽ ሀይደር፣ እናቴ እኮ የጠየቀችዎት ስምዎን ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። ቀስ ማለቷን ያወቅሁት ከከንፈሯ ነው።

ሙዐዊያንም ጠየቅሁት። «አንተ ነህ እኮ እየዘጋህብኝ የምትሄደው! ይሰማኛል፣ ይሰማኛል እያልኩ ስጮህ ነበር» አለኝ።

እንግዲህ ስለ ካባው ከላይ የጻፍኩትን ልሰርዘው ነበር፤ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ ብዬ ተውኩት። ጠርተውኝ ነበር፤ ይህቺ እውነት ናት። ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ድንጋዩ ከመጫኑ በፊት በመዶሻ ነካ አድርጌ፣ እንደ ደወል ከጮኸ ጤነኛ፣ ከታፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለ ብዬ ቀይ ቀለም የምቀባ እኔ ነበርኩ። ሃያ ዓመት አንድ ስንጥቅ አላሳለፍኩም። የተመለስኩ ቀን አንዱን ትልቅ ድንጋይ መታሁት፤ ዝም። ደግሜ መታሁ፤ ዝም። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። «ጤነኛ!» አልኩ። መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ለሁለት ተከፈለ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልነካም። ሙዐዊያ መዶሻውን ከእጄ ወሰደና አፉን በደንብ ከፍቶ «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ በቃ፣ ቤትህ ግባ» አለኝ። ያን ያህል ዘመን የቆምኩት ከመሰርሰሪያው አጠገብ ነው፤ በነጻ አልነበረም ለካ። የማታ ትምህርት የተመዘገብኩት በሳምንቱ ነው። አንቺ ስትደውዪ «እሺ፣ እሺ፣ በርቺ» ማለት ሰለቸኝ።

አሁን አዲስ ቅጽ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሰባቱንም ቀን ስልኩን የሞከረችው መምህርት በለጡ ናት፤ ፊርማዋም አለበት። ሃያ አንዱም ጊዜ «ይሰማል» ይላል። መብራት ግን ሦስት ጊዜ ሄዷል፤ ረጅሙ ሁለት ሰዓት ተኩል። ይህን አላሳነስኩትም። በስንጥቅ ላይ ጤነኛ የሚል ቃል ሁለተኛ ከእኔ አይወጣም። ባትሪ ነው መፍትሔው ወይስ ሌላ፣ ከአለቆችሽ ጋር አንቺ ተነጋገሪበት። «እኔ ደውዬ ልንገራት፣ ቀኑ እየሄደ ነው» ብላኝ ነበር መምህርት። «አይሆንም፣ በእኔ እጅ የተበላሸ በእኔ እጅ ይስተካከል» ብዬ ዛሬውኑ ለሹፌሩ ልሰጠው ተቀምጫለሁ። ከነገ ወዲያ እጅሽ ይገባል፤ ስድስት ቀን ይቀርሻል።

ልታስታምሚኝ ብለሽ ግን እንዳትመጪ። ይህን ገና ከአሁኑ እነግርሻለሁ። ሥራሽን ይዘሽ የምትመጪ ከሆነ ነው። ካልተስማሙልሽም፣ ወይም ከጓደኞችሽ ጋር መሆኑን ከወደድሽ፣ ቤቱን ተከራዪ፤ እኔ በደብዳቤ አለሁ፣ አሁን ማን ያቆመኛል? ከመጣሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ብትጨቃጨቂ አንድም ቀን ጫጫታ በዛ የማይልሽ አባት አለሽ። በዚህ በኩል በመላው አሶሳ የሚወዳደረኝ የለም።

አላህ እንጀራሽን ከደጅሽ ያድርግልሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ክፉ ሰው አጠገብሽ አይድረስ። የእናትሽ ዱዓ ይከተልሽ።

ከመጣሽ፣ ከአጥሩ ማዶ ቆመሽ «አባባ» እያልሽ አትጣሪ። በሩን አልቆልፈውም። ዝም ብለሽ ግቢና ትከሻዬን ንኪኝ።

አባትሽ
ሀይደር ሰይድ