በክዳን ተከልለው የሚበሉ

ማክሰኞ፣ ትምህርት በተከፈተ በስድስተኛው ሳምንት

ለምወድህ ልጄ፣

አስቀድመህ ይህን እወቅ፦ አልታመምኩም፤ ከአንተ የምፈልገው ገንዘብም ዕቃም አይደለም። የምጽፍልህ አንተ ብቻ የምትመልሰው ጥያቄ ስላለኝ ነው። ጥያቄው አብራህ ስለተማረችው ስለ ድንቢጥ ነው። ስሟን ስታይ ወረቀቱን አጥፈህ እንዳታስቀምጠው፣ አደራ። በስልክ ብጠይቅህ "ደህና ነኝ እማዬ፣ አንቺስ?" ብለህ ዝም እንደምትል አውቃለሁ። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ አይዘጋም።

በቅደም ተከተል ልንገርህ።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ቤቴ ድረስ መጣች። ታውቃታለህ፤ ከአንተ ሁለት ክፍል ትበልጥ የነበረችው፣ ማባዛት ሲያቅታት ጥፍሯን የምትበላው ልጅ ናት። የሰፈሩ ዳቦ ቤትና የወላጆች ኮሚቴ ተባብረው ምሳ ለሌላቸው ተማሪዎች የቀትር ምግብ ሊጀምሩ ነው። የሚበቃው ግን ለአርባ ልጅ ብቻ ነው። "ቲቸር፣ ዝርዝሩን እርስዎ ይሥሩልን፤ የእርስዎ እጅ ካለበት ማንም አፉን አይከፍትም" አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ አምስት ዓመቴ ነውና፣ አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ።

ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆምኩ። ምሳ ዕቃ የያዘውን በአንድ ዓምድ፣ ያልያዘውን በሌላ ዓምድ ጻፍኩ። ያልያዙት ሠላሳ ስምንት ሆኑ፤ እንዲያውም ሁለት ቦታ ተረፈ። የያዙት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሦስቱም ቀን በሩ ላይ ስቆጥር ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ይመጣል፤ ክፍል ለክፍል ዞሬ ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። አንዷ በበሩ ትገባለች፣ ክፍል ውስጥ የለችም።

ለዘበኛው ብነግረው ሳቀብኝ። "አንዳንዴ እንኳ ይሳሳቱ እንጂ ቲቸር፤ እኛ ምን እንሁን?" አለ። ከዚያ ዝርዝሩን በትከሻዬ በኩል አየት አድርጎ፣ "እንደ ሙሽራ ያማረ ነው። ግን ምሳ ዕቃ የያዘ ሁሉ ምሳ ይዟል ያለዎት ማን ነው? እኔም ይህን ቦርሳ በየቀኑ አንጠልጥዬ እመጣለሁ፤ ውስጡ ካፖርት ነው።"

"አንተ በርህን ጠብቅ" አልኩት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪው ታሞ ስለቀረ፣ በምሳ ሰዓት ልጆቹን እኔ ያዝኩ። ደወል ተደወለ፤ ምሳ ዕቃዎች ወጡ፤ ጫጫታው ታውቀዋለህ። ከጫጫታው ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ። ማንኪያ ባዶ ቆርቆሮ ሲነካ። ምግብ ያለበት ዕቃ እንደዚያ አይጮኽም። ሁለት ጊዜ ጫር ጫር፣ ከዚያ ዕረፍት፣ እንደገና ጫር ጫር። ቀና ብል ከመስኮቱ አጠገብ መነጽር ያደረገች ልጅ ክዳኑን በጓደኞቿ በኩል አቁማ፣ አንገቷን ደፍታ ታኝካለች። የምታኝከው አየር ነው። ወደ እሷ ስራመድ ክዳኑን ገጠመችና፣ "ጨረስኩ ቲቸር" አለችኝ።

ያን ድምፅ ቀድሞም ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።

አንተ የምታውቀውን ታሪክ አሁን ከእኔ ወገን ስማው። አራተኛ ክፍል እኔው ሳስተምርህ፣ ሁለት ልጆች ምሳ ተለዋውጠው አንዷ ስለታመመች ማንም ከሌላ ሰው ምሳ ዕቃ እንዳይበላ ሕግ አወጣሁ። ሌላም ሕግ ነበረኝ፤ ከምሳ በኋላ ክዳን ተከፍቶ ይታያል፣ ያስተረፈ ይወቀሳል። የድንቢጥ ዕቃ ከሁሉም ንጹሕ ነበር። ቅጽል ስሟንም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ከክዳኗ ኋላ ጎንበስ ቀና ስትል ጥሬ የምትለቅም ወፍ ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ዕቃዋን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አሳየሁ። "ምሳ እንዲህ ነው የሚበላ! ፍርፋሪ እንኳ የላትም!" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት። አንተ ብቻ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥክ። ቀንተህ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ግማሽ ዳቦህን በደብተር መሃል ከተህ በዴስክ ሥር ስታቀብላት ያዝኩህ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ የቋጠርኩልህ ዳቦ ነበር። የቲቸር ልጅ ቅጣቱ እጥፍ መሆን አለበት ብዬም ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጥኩህ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ዓይኔ ሥር በላህ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ያዝ አድርገህ፣ "እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?" አልከኝ።

"የቤት ነገር ነው የትምህርት ቤት?"

"የትምህርት ቤት።"

"እንግዲያው ነገ እጅህን አውጥተህ ለቲቸር ትናገራለህ። አሁን እናትህ ነኝ።"

በማግስቱ እጅህን አላወጣህም። በአርባ ልጅ ፊት እጅ ተወጥቶ የሚነገር ነገር አልነበረም። ይህን ለመረዳት ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

አንተ በተቀጣህ በሦስተኛው ሳምንት ድንቢጥ ሰልፍ ላይ ወደቀች። ውሃ ረጨንባት፤ ዓይኗን ገልጣ "ፀሐዩ ነው ቲቸር" አለችኝ። ሰማዩ ደመና ነበር። በማግስቱ ቀረች፤ ከዚያም ወዲያ አልመጣችም። ደንቡ አሥር ቀን ስለሚል አሥር ቀን ጠብቄ፣ በስሟ ፊት በቀይ "አቋርጣለች" ብዬ ጻፍኩ። ቤቷ ሄዳችሁ ጠይቁ የሚል ደንብ ስላልነበረ አልሄድኩም። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በዚያች ሐሙስ ማግስት ሄድኩ። ቤቱ ጎማ መጠገኛ ሆኗል፤ ሠራተኞቹ እንዲህ ያለ ቤተሰብ እዚህ ኖሮ አያውቅም አሉኝ። በሕይወት ትኑር አትኑር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ከዚያው ወደ መነጽሯ ልጅ እናት ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ የስፌት መኪናው በሩ ላይ፣ አልጋው ከኋላ። ልጅሽን ዝርዝሩ ላይ ላስገባት መጥቼ ነው ስላት እግሯን ከመኪናው ላይ አላነሣችም።

"ልጄ ምን ጎደላት? ምሳዋን ይዛ አይደል የምትሄደው?"

"አይቻለሁ፣ ልጄ።"

መኪናው ቆመ። "ቀስ ይበሉ፤ ግድግዳው ስስ ነው" አለችኝ። ጎረቤት የሚሰማ እንደሆነ አዳመጠች። "በየማለዳው አጥቤ በጨርቅ ቋጥሬ ነው የምሰጣት። ከበድ እንዲል መቀስ እከትበት ነበር፤ ይንኳኳል ብላ እምቢ አለች። ማታ ያለውን ትበላለች። ቀን ደግሞ ሰው እንዳይስቅባት ማኘክ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ይጻፉት!"

"ማንም አያውቅም እኮ።"

"ሳህን ይዛ ስትሰለፍ ማን አያውቅም? ደሃ ብሆን ዕውር አይደለሁም ቲቸር። ልጄን ሳያሳፍሩ የሚያበሉበት ዘዴ ካለዎት ይንገሩኝና እኔው ራሴ እጇን ይዤ አመጣታለሁ።"

ወጣሁ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። እኔ ግን የተራበችውን አየሁ፤ አይቼም አስጨበጨብኩላት።

ለዳይሬክተሯ ስነግራት፣ ክፉ አስባ ሳይሆን፣ "ታዲያ የሁሉንም ክዳን እናስከፍታ" አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጮኼባት አላውቅም፤ ጮኽኩባት። አንድም ክዳን አይከፈትም። አሁን በየቀትሩ አንድ አንድ ክፍል ገብቼ ደብተር የማርም መስዬ እቀመጣለሁ፣ አዳምጣለሁ። እስካሁን አራት ሰምቻለሁ። ማንኪያ የማይዙትን ግን በምን ልወቃቸው?

ቤቴም ውስጥ ይሰማኛል። በዕረፍት ቀን እኩለ ቀን ላይ ሳህኔ ፊት ስቀመጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር፣ ከዚያ ዕረፍት። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ባዶ ግቢ ነው። ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ ዕረፍቱን እየጠበቀ በዘፈኑ መሃል ይመጣል። ማንኪያዎቹን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ በእጄ እየበላሁ ነው። አእምሮዋ ተነካ ብለህ እንዳትሰጋ፤ የአሥራ ዘጠኝን ማባዣ ከታች ወደ ላይ ቆጥሬ አንድም አልሳትኩም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለህ፣ ክዳኗን ሳትከፍት እንዴት አወቅህ? ምኗን አይተህ ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ዳቦውን ስታቀብላት ምን ትላት ነበር? ኩሩ ነበረች፤ እርሳሷ ሲያልቅ ከእኔ እጅ እርሳስ እንኳ አልተቀበለችም። ከአንተ ዳቦ ተቀበለች። ምን ብለሃት ነው? ልብስ ሰፊዋ ደጅ ይዤው የምሄደው ቃል እሱ ነው፤ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ አላውቀውም።

ስለ ቅጣቱም ልጽፍልህ ያሰብኩት ነበረኝ። እሱ ፊት ለፊት ስንገናኝ ይሁን።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ። የልጅ ልጄን ጉንጭ ሳምልኝ፤ ትምህርት ጀመረች አሉ። ከጎኗ ማን እንደሚቀመጥ ጠይቃት። እግዚአብሔር ማዕድህን አያጉድልብህ፤ የሰው ፊት አያሳይህ፤ ደግ እጅህን እንደ ልጅነትህ ያቆይልህ።

ዝርዝሩ የሚዘጋው ከዛሬ ሃያ አራት ቀን በኋላ ነው። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ለመሄጃ አሥር፣ ለመመለሻ አሥር ቀን ነግራኛለች። ለአንተ የሚተርፍህ አራት ቀን ነው። በቁጣም ቢሆን፣ በሁለት መስመርም ቢሆን፣ ምን ትላት እንደነበር ቶሎ ጻፍልኝ።

እናትህ