ዝቅ አድርጌዋለሁ

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አምቦ

እህቴ ጫልቱ እስካሁን አልደወለችም። ጠዋት ክትባት ጭና በሞተር ሳይክሏ ወደ ጉደር ቆላ ወርዳለች፤ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ወንጪ ስትወጣ አየሩ ሳስቶ ሞተሩ እየታፈነ አስቸግሯት፣ መካኒኩ ኦቦ ዲንቃ የካርቡራተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳው ጠበብ ባለ ሌላ ቀይረውላት ነበር። ዘይት ልታስቀይር እሳቸው ጋ ያስገባችውን ሞተር ትናንት እሳቸው በሌሉበት ወስዳ ነበርና፣ ዛሬ ጠዋት "ለቆላ አስተካክለውት እንደሆነ ጠይቂልኝ" አለችኝ። ሄጄ "የጫልቱ ሞተር እንዴት ሆነ?" አልኳቸው። ከመኪና ሥር ሆነው "ዝቅ አድርጌዋለሁ!" አሉኝ። ለቆላ ማለታቸው መስሎኝ ደወልኩላትና "ጨርሰዋል፣ ሂጂ" አልኳት።

ምሳ ሰዓት ላይ ኦቦ ዲንቃ መንገድ ላይ አገኙኝ።

"ጫልቱ ቆላ ልትወርድ ነው አሉ። ሞተሩን መቼ ታመጣልኝ?"

"ወርዳለች እኮ! ዝቅ አድርጌዋለሁ አላሉኝም?"

"የቀዳዳውን ስፋት ቁጥር ነዋ ዝቅ ያደረግኩት! ያኔ ለወንጪ! ቆላ ላይ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይግልና ቁልቁለት ላይ ድርቅ ይልባታል። አንቺ ሴትዮ፣ ወሬ መጻፍ እንጂ መስማት አልፈጠረብሽም!"

ሰፊውን ማሳለፊያ ኪሳቸው ከተው፣ በሰው ሞተር ተከትለዋት ወረዱ። የሁለቱም ስልክ አይሠራም።

በመጽሔት ዓምዴ ስንቱን ወሬ አጣፍጬ አቀብያለሁ፤ ማንም ከሞተር ላይ ወድቆ አያውቅም።

አሁን እናቴ ከጓዳ "ደወለች እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ፣ እየተመለሰች ነው" አልኳት። ይህንንም የነገረኝ ሰው የለም።